ጄይ ኩክ የሚባለው ባንከር ማን ነበር? (የፓርኩን ፎቶ አይታችሁ ለጠየቃችሁኝ)

ሐይቅ_ዳር

ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው የሚኒሶታ ፎቶዎች ስለጥፍ ሦስት አራት ሰው «ጄይ ኩክ ስቴት ፓርክ ያልከው፣ ኩክ ማነው? መርከበኛው ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም። መርከበኛው እንግሊዛዊ ነው። ይሄኛው አሜሪካዊ ባንከር ነው። ታሪኩ ደግሞ በኮመንት አያልቅምና ራሱን የቻለ ክር ልክፈትለት አልኩ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው በ1821 ኦሃዮ ውስጥ፣ ኢሪ ሐይቅ ዳር ባለችው ሳንደስኪ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ነው፤ የአሜሪካ ምክር ቤት አባልም ሆኖ ያውቃል። ልጁ ግን ኮሌጅ አልገባም። ገና በአፍላነቱ ሥራ ጀመረ። በ1839 ፊላደልፊያ የሚገኝ ኢ. ደብሊው. ክላርክ የተባለ የግል ባንክ በጸሐፊነት ቀጠረው። ያኔ እያንዳንዱ ባንክ የየራሱን ወረቀት ገንዘብ ያትማል። ሐሰተኛው ብዛቱ አይጣል ነው። ይሄ ልጅ የትኛው ወረቀት ደህና እንደሆነ፣ የትኛው እንደተጭበረበረ፣ የትኛው ባንክ ሊወድቅ እንደደረሰ በዓይኑ የሚለይ ሆነ። ሃያ አንድ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው የድርጅቱ ሸሪክ አደረጉት። በ1857ቱ የገንዘብ ቀውስ ያ ቤት ተዘጋ። ኩክም በጥር 1861 ከእህቱ ባል ጋር ሆኖ ጄይ ኩክ እና ኩባንያውን ፊላደልፊያ ላይ ከፈተ።

ጊዜውን ልብ በሉ። ሦስት ወር አለፍ እንዳለ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ። የሊንከን መንግሥት በቀን ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስፈልገዋል፣ ካዝናው ባዶ ነው። ትልልቆቹ ባንኮች በ1861 መጨረሻ ወርቅ መክፈል አቁመዋል። ኩክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

የሰውየው ችሎታ አንድ ነው ብዬ ነው የማምነው፦ ገንዘብ አበድሮ የማያውቅን ሰው አበዳሪ ማድረግ። ያስነሳውም ያው ነው፣ ያወደቀውም ያው። ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። የሚያውቅም ይጨምርበት።

ቆጣቢው

ደስ የሚል ክር ነው። ግን ባዶ ካዝና ያለው መንግሥት እንዴት ነው ቦንድ የሚሸጠው? ማን ይገዛዋል? ደቡቡ ቢያሸንፍ ወረቀቱ ለምድጃ ነው የሚሆነው።

ሐይቅ_ዳር

@ቆጣቢው ጥያቄህ ራሱ የባንኮቹ ጥያቄ ነበር። በ1862 ምክር ቤቱ የ500 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ፈቀደ። «አምስት ሃያ» ይሉታል፤ መንግሥት ከ5 ዓመት በኋላ ሊከፍለው ይችላል፣ በ20 ዓመት ውስጥ ደግሞ የግድ ይከፍለዋል። ወለዱ 6 በመቶ፣ በወርቅ። ባንኮቹ ፊታቸውን አዞሩበት፣ ወራት ቢያልፉም ሽያጩ አልተንቀሳቀሰም። የግምጃ ቤቱ ሚኒስትር ሳልመን ቼዝ በጥቅምት 1862 ኩክን ልዩ ወኪል አደረገው።

ኩክ ባንኮቹን አልለመነም። ወደ 2,500 የሚሆኑ ንዑስ ወኪሎች አደራጀ። የገጠር ባንክ ሠራተኛ፣ የኢንሹራንስ ሰው፣ ባለሱቅ፣ ማንም በሰፈሩ የሚታመን ሰው ይሁን ብቻ። ጋዜጦች ላይ ማስታወቂያ ረጨ። ማስታወቂያ ብቻ አይምሰላችሁ፣ ዜና የሚመስል ጽሑፍም ያስወጣ ነበር፤ አንድ ገበሬ ይጠይቃል፣ ኩክ ይመልሳል፣ እንዲህ ዓይነት ነገር። ትንሹ ቦንድ 50 ዶላር ነው። በጥር 1864 ሁሉም ተሸጦ ከተፈቀደው በላይ ትዕዛዝ መጣ።

በ1865 ደግሞ የባሰ መጣ። «ሰባት ሠላሳ» የሚባለው። ወለዱ በዓመት 7.30 በመቶ። ይሄ ቁጥር ለምን ተመረጠ? አስሉት። በ50 ዶላር ወረቀት ላይ በቀን 1 ሳንቲም ነው፣ በ100 ዶላር 2 ሳንቲም። ማባዛትና ማካፈል የማይችል ሰው እንኳን «ዛሬ ስንት ወለደልኝ?» ብሎ በጣቱ ይቆጥራል። ኩክ ቀን ሥራ የሚውሉ ሠራተኞች እንዲገዙ ብሎ ማታ የሚከፈቱ ቢሮዎችም አዘጋጀ። በጥቂት ወራት ወደ 830 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። የሰሜኑ ጦር ደሞዝና ስንቅ ትልቅ ድርሻው ከዚህ ነው የወጣው።

መምህር_ጌ

ልጄ ጽሑፍህ ጥሩ ነው፤ እንዲያው ግን ትንሽ አሞገስከው። የሰውየው ወንድም ሄንሪ ኩክ ኦሃዮ ውስጥ ጋዜጠኛ ነበር። ሳልመን ቼዝ ደግሞ የኦሃዮ ገዥ ነበር፤ ጋዜጣው ደጋፊው፣ ሄንሪም ወዳጁ። ቼዝ ሚኒስትር ሲሆን የጄይ ኩክ ቤት ዋሽንግተን ላይ ቅርንጫፍ ከፈተና ሄንሪ ተቀመጠበት። ያለ ዘመድ ገበያ የለም እንዲሉ ማለት ነው። ከዚያም ኮሚሽኑ አለ። በመጀመሪያው 10 ሚሊዮን ላይ ግማሽ በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው 0.375 በመቶ። በዚያን ዘመን ዋሽንግተን ውስጥ ይህ ትልቅ ሐሜት አስነስቶ ነበር።

ሌላው፣ ገዢው በምን ነበር የሚገዛው? በወረቀት። አረንጓዴው የመንግሥት ወረቀት ገንዘብ በ1864 ክረምት ከወርቅ አንጻር ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። አርባ ሳንቲም በማይሞላ ወርቅ የተገዛ የአንድ ዶላር ቦንድ ወለዱ በወርቅ ይከፈላል። ታዲያ አገር ወዳድነት የምትሉት ይህ ነው? ከጦርነቱ በኋላ ምዕራብ ያለው ገበሬ የዚህን ቦንድ ወለድ በግብር ሲከፍል ምን ይል እንደነበር አስቡት።

ሐይቅ_ዳር

@መምህር_ጌ እርስዎ ያሉት እውነት ነው፣ የወንድሙ ነገር አይካድም። ኮሚሽኑ ላይ ግን ልከራከርዎት። የወኪሎቹን ድርሻና የማስታወቂያውን ወጪ የሚችለው ከዚያችው ነው። ጦሩ ተሸንፎ ሽያጩ ቢቆም ኪሳራው የሱ ነበር። ባንኮቹ እኮ ያንኑ ቦንድ ከዋጋው በታች ካልሆነ አንገዛም ብለው ነበር፤ እሱ በሙሉ ዋጋ ነው የሸጠው። ሀብታም ያደረገው ኮሚሽኑ ብቻ አይመስለኝም። ስሙ ነው። ከ1865 በኋላ «ኩክ የሸጠው ነገር አስተማማኝ ነው» የሚል እምነት በየመንደሩ ተተከለ። ያቺን እምነት ነው በኋላ በባቡር ኩባንያ ቦንድ የመነዘራት።

የፊላው_ልጅ

እኔ ፊላደልፊያ ነኝ። ኦጎንትዝ አቬኑ የሚባል ረጅም መንገድ አለን፣ ስንቱን ቀን በኡበር ተመላልሼበታለሁ። ስሙ ከኩክ ቤት ጋር የተያያዘ መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ከከተማው በስተሰሜን፣ አሁን ኤልኪንስ ፓርክ በሚባለው በኩል፣ ከጦርነቱ በኋላ አንድ ግዙፍ ቤተ መንግሥት አሠራና «ኦጎንትዝ» አለው። ስሙ ሳንደስኪ አካባቢ የነበረ የነባር ሕዝብ አለቃ ስም ነው። 50 ምናምን ክፍል፣ ወጪው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ። የዚያን ጊዜ ሚሊዮን እኮ ነው የምላችሁ።

ይሄም አልበቃውም። ኢሪ ሐይቅ ውስጥ ጊብራልታር የምትባል ደሴት በ3,001 ዶላር ገዝቶ የበጋ ቤት ሠራባት። ዓሣ ማጥመድ ነፍሱ ነበር። ደሴቲቱ አሁን የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጣቢያ ናት።

ደግሞ ሃይማኖተኛ ሰው ነበር። ኩባንያው ዐሥራት ያወጣል። መዝገባቸው ላይ «አሮጌው አባት ያዕቆብ» የሚል ሒሳብ ነበራቸው፤ ከትርፉ አንድ ዐሥረኛው ወደዚያ ይገባና ለቤተክርስቲያን፣ ለድሃ ቄሶች ይሰጣል። ደሴቲቱ ላይም ቄሶችን በየክረምቱ ይጋብዝ ነበር። ዐሥራት የሚያወጣ ባንክ አይቼ አላውቅም፣ ካያችሁ ጠቁሙኝ 😀

ተራ_አንባቢ

ዐሥራት የሚያስከፍል ባንክ ነው እንጂ የሞላን 😂 በሉ ወደ ባቡሩ ግቡልን።

ሐይቅ_ዳር

እሺ ባቡሩ። ረዥም ነው፣ ቡና ያዙ።

ኖርዘርን ፓሲፊክ የሚባል የባቡር ኩባንያ በ1864 በሊንከን ፊርማ ተቋቋመ። ዕቅዱ ከሱፒሪየር ሐይቅ ተነስቶ ፓሲፊክ ውቅያኖስ መድረስ ነው። መንግሥት በመስመሩ ግራና ቀኝ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሄክታር ሳይሆን ኤከር መሬት ሰጠው፣ ወደ 40 ሚሊዮን ኤከር። ጥሬ ገንዘብ ግን አልሰጠውም። ስለዚህ ለዓመታት ሐዲድ ሳይዘረጋ ቆመ። ኩክ እያመነታ ቆይቶ በ1869 መጨረሻና በ1870 መጀመሪያ ገባበት። 100 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሊሸጥ ተዋዋለ። ወለዱ ስንት ይመስላችኋል? 7.30 በመቶ። ያችው የጦርነቷ ቁጥር። ሰው ያምናታላ።

ውሉ ደግሞ የሚያጓጓ ነው። ለሚሸጠው ለያንዳንዱ 100 ዶላር ቦንድ ለኩባንያው 88 ዶላር ይሰጣል፣ የቀረው የሱ ነው። ከዚያ በላይ ከኩባንያው አክሲዮን ይጨመርለታል። ከጦርነቱ ኮሚሽን ጋር አወዳድሩት።

ሥራው በየካቲት 1870 የተጀመረው እዚሁ እኛ ጋ፣ ከዱሉዝ ወጣ ብሎ፣ አሁን በስሙ የሚጠራው ፓርክ አጠገብ ነው። በበረዶ ውስጥ። ከዚያ ማስታወቂያው ተለቀቀ። የመስመሩ አገር አየሩ ለስላሳ፣ አፈሩ ለም፣ ስንዴውና ፍራፍሬው የሚትረፈረፍ ተብሎ ተሰበከ፤ ጋዜጦቹ እየሳቁ «የሙዝ ቀበቶ» አሉት። በጥር ዱሉዝ ኑና ሙዝ ፈልጉ፣ እኔ አካፋ አውሳችኋለሁ። በ1871 ፕሮክተር ኖት የተባለ የኬንታኪ ተወካይ ምክር ቤት ውስጥ ዱሉዝን ገነት አስመስሎ በሹፈት ያደረገው ንግግር አገር ያሳቀ ነበር። ዱሉዞች ደግሞ አልተቀየሙም፤ ጎረቤታቸው ያለች ከተማ በሰውየው ስም ፕሮክተርኖት ተባለች፣ ዛሬ ፕሮክተር ትባላለች።

የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክንም እዚሁ ክተቱት። አካባቢውን ያየ ናትናኤል ላንግፎርድ የተባለ ሰው በኩክ ድጋፍ ንግግር እያደረገ ዞረ። ሰዓሊው ቶማስ ሞራን በ1871 ወደዚያ ሲሄድ ኩክ ገንዘብ አበድሮታል። ቦታው በሕግ ይከለል የሚለው ሐሳብም ከኩክ ቢሮ በደብዳቤ ተገፍቷል። ፓርኩ መጋቢት 1 ቀን 1872 ታወጀ። ፍቅሩ ለተፈጥሮ ብቻ አልነበረም፤ ጎብኚ በባቡር ነው የሚሄደው።

ሳምሪ_ዳኮታ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁልጊዜ እየተዘለለ ስለሚያናድደኝ። ያ «ባዶ» የተባለው መሬት ባዶ አልነበረም። መስመሩ በላኮታ ነባር ሕዝብ የአደን መሬት ነበር የሚያልፈው። ቀያሾቹ ያለ ወታደር መንቀሳቀስ አልቻሉም። በ1873 ክረምት ኩስተር የሚባለው የጦር መኮንን ያለበት ትልቅ ጦር ቀያሾቹን አጅቦ የሎውስቶን ወንዝ ድረስ ሄደ፣ በነሐሴ ከላኮታዎች ጋር ሁለት ጊዜ ተታኮሱ። ይሄ ዜና ምሥራቅ ሲደርስ ቦንድ ልግዛ ያለው ሰው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። የተቃወሙትን ሰዎች ማንም እንደ ፋይናንስ ታሪክ አካል አይቆጥራቸውም እንጂ ኩክን ከጣሉት አንዱ እነሱ ናቸው።

ከሚዙሪ ወንዝ ዳር ያለችው ከተማም በ1873 ቢዝማርክ ተባለች። የጀርመኑን ቻንስለር ስም ያወጡላት የጀርመን ገንዘብና ሰፋሪ ይመጣል ብለው ነው። እኔ የምኖርበት የሰሜን ዳኮታ ስቴት ዋና ከተማ ስም የሽያጭ ዘዴ ነው እንግዲህ።

ትዕግሥት_ሒሳብ

በሙያዬ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ከባንኩ በኩል ልናገር። የኩክ ጥፋት ባቡር መሥራቱ አይደለም። ቦንዱ አልሸጥ ሲል የራሱን ባንክ ገንዘብ ለባቡሩ መስጠቱ ነው። ውሉ ላይ ለኩባንያው ማበደር የሚችለው እስከ 500,000 ዶላር ነበር። ያ ገደብ ታለፈ፣ በሚሊዮኖች ታለፈ።

አሁን ይህ ገንዘብ የማን ነው? አስቀማጩ ዛሬ ከሰዓት መጥቶ አምጡ ሊል የሚችለው ነው። ያበደረበት ነገር ደግሞ ምንድን ነው? ያላለቀ ሐዲድ፣ ያልተሸጠ መሬት። ሐዲዱ ሳያልቅ ሰፋሪ አይመጣም፣ ሰፋሪ ሳይመጣ መሬቱ አይሸጥም፣ መሬቱ ሳይሸጥ ወለድ የለም። የጦርነቱ ቦንድ ግን ከኋላው ግብር የሚሰበስብ መንግሥት ነበረው። ኩክ ሁለቱን በአንድ ቋንቋ ነው የሸጣቸው። ሸሪኮቹ፣ በተለይ ኒውዮርክ የነበረው ፋኔስቶክ፣ ደጋግመው አስጠንቅቀውታል። አልሰማም።

የውጭውንም ጨምሩ። በ1870 የፈረንሳይና የጀርመን ጦርነት ሲነሳ አውሮፓ ውስጥ ሊሸጥ የነበረው ቀረ። ፊላደልፊያ ላይ የድሬክሰል ባንክ ቤት ተቀናቃኙ ነው፤ ድሬክሰል ያለበት «ፐብሊክ ሌጀር» የሚባል ጋዜጣ የባቡሩን ቦንድ ሲያብጠለጥል ነበር። በግንቦት 1873 ቪየና ላይ ገበያው ተንኮታኮተ። ገንዘብ ከየቦታው ደረቀ።

ቆጣቢው

@ትዕግሥት_ሒሳብ ክፍያ አቁሞ የወደቀበት ቀንስ? እንዴት ነበር? ሰው በር ሰብሮ ገባ?

ትዕግሥት_ሒሳብ

መስከረም 18 ቀን 1873፣ ሐሙስ። ከዋዜማው ጀምሮ ፕሬዚዳንት ግራንት ኦጎንትዝ ቤት እንግዳ ነበር። ያንን ቤት የፊላው ልጅ የነገረን ነው። ሐሙስ ጠዋት ቁርስ ላይ ለኩክ ቴሌግራም እየመጣለት እንግዳው ፊት ምንም አላወራም ይባላል። ግራንትን ሸኝቶ ቢሮ ገባ። ኒውዮርክ ላይ ፋኔስቶክ ዋናውን አለቃ ሳይጠብቅ በሩን ዘጋ። ዜናው በሽቦ ፊላደልፊያ ሲደርስ ሦስተኛ መንገድ ያለው ዋና ቢሮም ተዘጋ። ኩክ በሩ ሲዘጋ ፊቱን ከሠራተኞቹ አዙሮ አለቀሰ ይላሉ። ዋሽንግተንም ተከተለ።

ሰው ማመን አቃተው። ዜናውን እየጮኸ የሸጠ የጋዜጣ ልጅ ሐሰት አወራህ ተብሎ በፖሊስ ተያዘ የሚባል ወሬ አለ። ማመን ያቃተው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአገሪቱ ብድር የተሸጠው በዚህ ሰው ስም ነበርና። ቅዳሜ የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ተዘጋ፣ 10 ቀን አልተከፈተም። ያ ቀውስ እስከ 1879 የዘለቀ ድቀት አመጣ። ኖርዘርን ፓሲፊክ ራሱ በ1875 ከሰረ። ከኩክ ውድቀት በኋላ የመንግሥት ቦንድ ገበያው የድሬክሰልና የሸሪኩ የጄ. ፒ. ሞርጋን መንገድ ሆነ። ሞርጋን ድሮም ጎበዝ ነው፣ ግን ዋናው ተፎካካሪው ከፊቱ ተነሳለት።

መምህር_ጌ

አንድ ነገር ዘለላችሁ፣ እኔ ደግሞ ለሱ ስል ነው የተመለስኩት። ፍሪድመንስ ባንክ። ከባርነት ነጻ ለወጡ ጥቁሮች ተብሎ በመጋቢት 1865 የተቋቋመ የቁጠባ ባንክ ነው። ወታደር ደሞዙን፣ አጣቢዋ ሳንቲሟን፣ ቤተክርስቲያን መዋጮዋን ያስቀምጡበታል። መጀመሪያ ገንዘቡ በመንግሥት ቦንድ ላይ ብቻ ነበር የሚውለው። ሕጉ በ1870 ሲላላ የፋይናንስ ኮሚቴው ሊቀመንበር ማን ነበር? ሄንሪ ኩክ። ባንኩ 500,000 ዶላር ለወንድሙ ቤት በ5 በመቶ ወለድ ሰጠ፤ ለአስቀማጮቹ እስከ 6 በመቶ እከፍላለሁ እያለ። የኖርዘርን ፓሲፊክ ቦንድም መያዣ ሆኖ ገባበት።

በመጋቢት 1874 ታዋቂውን የጥቁሮች መብት ተሟጋች ፍሬድሪክ ዳግላስን የባንኩ ፕሬዚዳንት አደረጉት። ከራሱ 10,000 ዶላር አበደረው። አልተረፈም። በሰኔ መጨረሻ ተዘጋ፣ ከ61,000 በላይ አስቀማጮች ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘባቸው እዚያ ነበር።

የፊላው_ልጅ

@መምህር_ጌ ይሄንን አላውቅም ነበር ጋሼ። ገንዘባቸው ተመለሰላቸው?

መምህር_ጌ

ለጠየቀው፣ ደብተሩን ለያዘው፣ በየጊዜው ተቆራርጦ በ1883 ከ60 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ደረሰ። ብዙው ሰው ግን ወይ ሞቷል፣ ወይ አገር ቀይሯል፣ ወይ ደብተሩ ጠፍቷል። ልጆቻቸው ለዓመታት ወደ ዋሽንግተን ደብዳቤ ይጽፉ ነበር።

ተራ_አንባቢ

ኩክስ? ወህኒ ወረደ?

ሐይቅ_ዳር

የለም። ንብረቱ ተወረሰ፣ ኦጎንትዝን አጣ፣ ልጁ ቤት ተጠግቶ ኖረ። በ1875 ደግሞ ዩታ ውስጥ ሆርን ሲልቨር የተባለ የብር ማዕድን ተገኝቶ ነበር። ባለቤቶቹ ባቡር ከሌለ አያዋጣም አሉ። ኩክ ሄዶ ከባለሀብቱ ከጄይ ጉልድና ከዩኒየን ፓሲፊክ ባቡር ኩባንያ ሰዎች ጋር ተነጋግሮ ሐዲድ እንዲዘረጋ አደረገ፣ የራሱን ድርሻ በኋላ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ሸጠ። ኦጎንትዝን መልሶ ገዛ። ግን አልኖረበትም፤ በ1883 የሴቶች ትምህርት ቤት ሆነ። አብራሪዋ አሚሊያ ኤርሃርት በኋላ የተማረችው በዚያ ስም በሚጠራው ትምህርት ቤት ነው።

@መምህር_ጌ ላነሱት ግን መልስ የለኝም። ማዕድኑ ኩክን መልሶ አቆመው፣ የፍሪድመንስ ባንክን አስቀማጮች የሚያቆም ማዕድን አልነበረም።

ሳምሪ_ዳኮታ

ባቡሩስ መጨረሻው?

ሐይቅ_ዳር

ሄንሪ ቪላርድ የሚባል ጀርመን ተወላጅ ጨረሰው። በመስከረም 1883 ሞንታና ውስጥ ጎልድ ክሪክ ላይ የመጨረሻው ሚስማር ተመታ። ግራንት እዚያ ተገኝቶ ነበር፣ ያው የኦጎንትዙ እንግዳ። ኩክ በ1905 ሞተ፣ 83 ዓመቱ ነበር። እኛ ጋ ያለውን ፓርክ በ1915 ነው በስሙ የሰየሙት። ዱሉዝ ውስጥ ሐውልትም አለው። ቀውሱ ከተማዋን ባዶ ሊያስቀራት ምንም አልቀራትም ነበር፣ ሐውልቱን ግን አልነፈጉትም።

@ቆጣቢው የፓርኩን ተንጠልጣይ ድልድይ መንገድ በውስጥ ልኬልሃለሁ፤ ከልጆች ጋር ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ፓርኪንግ አይገኝም።